በጉልበት ፈትሽ ዳገት ላይ የቆመችው አምቡላንስ

አምቡላንሷ ጉልበት ፈትሽ ከሚባለው ዳገት ወገብ ላይ አፍንጫዋን ሽቅብ እንደቀሰረች ቆማለች። የፊት መስታወቷ በድንጋይ ረግፏል። የኋላ በሯ እንደተበረገደ ነው፤ ፍራሿ ላይ አንድ ጋቢና አንድ እግር የላስቲክ ጫማ ብቻ ቀርቷል። ዕለቱ ረቡዕ፣ የሮብ ገበያ ቀን ነውና ድንችና ገብስ የጫነ ሁሉ እየቆመ ከንፈሩን ይመጥጥና ያልፋል። ኢንስፔክተር ገዳሙ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ቦታው ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሟቿ ብዙዬ ትባላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ምጡ ጠንቶባት ደም ሲፈሳት ጊዜ ከጉልት አምባ ጤና ጣቢያ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ይዘዋት ወጡ። አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ሲደርሱ መኪናዋ እምቢ አለች። ገበያተኛው ሸክሙን ጥሎ፣ ቃሬዛ ቆርጦ፣ እየተቀባበለ ዳገቱን አወጣት። ከዳገቱ ራስ ላይ ሌላ መኪና እስኪገኝ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። ሐኪሞቹ ልጇን አተረፉት። እሷ አልተረፈችም።

“ሾፌሩስ?” ሲል ጠየቀ ገዳሙ።

“ሚሊሻዎች ባያስጥሉት ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምናነሣው” አለችው ሳጅን ሳራ። ሳራ ወደ ጣቢያው ተመድባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። አታወራም፤ ያየችውን ግን አትረሳም። አሁንም ከአምቡላንሷ አግዳሚ ወንበር ሥር አንድ ነገር እየጎተተች ነው። “ይህን ይዩ፣ ጌታዬ።”

የድንች ከረጢት ነው፤ ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው።

ዙሪያውን የቆመው ሰው አጉረመረመ። “አላልኳችሁም!” አለ አንዱ፤ “ድሮስ አምቡላንስ የታክሲ ታናሽ እህት አይደለች! ሾፌሩ ምጥ ያዛት ብሎ ይወጣል፣ ንግዱን ያጧጡፋል።”

ገዳሙ ቃሬዛውን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱን፣ አንድ ጎልማሳ ገበሬን፣ ለብቻው ወሰደና ስለ መኪናዋ ጠየቀው።

“ሞተሯ እኮ አልጠፋም” አለ ሰውየው። “ትጮኻለች፣ ትጮኻለች፣ ጉልበት የላትም። ጭስም አላየሁባት። እንደታመመ በሬ ዝም ብላ ቆመች።”

ገዳሙ ይህን በማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሞተሩ አልጠፋም። ጭስ የለም። ከዚያ ድንቹን አስጭኖ ተመለሰ።

*

ሾፌሩ ንጉሴ ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። ወንበር ቢሰጡትም ጫፉ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠው።

“ነዳጁን ሸጠኸው ነው?”

“ታንከሩን ይለኩት፣ ጌታዬ። ከግማሽ በላይ አለው።”

“ድንቹስ የማን ነው?”

ንጉሴ ያበጠውን ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

“ንጉሴ፣ የማን ነው? ሰው ሞቷል።”

“የእኔ አይደለም። የማን እንደሆነ ግን እኔ አልናገርም። በሐዘኑ ላይ ሌላ አልጨምርበትም።”

ገዳሙ ቀና ብሎ አየው። ጥፋተኛ ሰው ድንችን የመሰለ ሰበብ ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት ይቸኩላል እንጂ እንዲህ አይከለክልም። ግን ወንጀለኛም ጨዋታ ያውቃል ብሎ አለፈው።

“መኪናዋ ምን ሆነች ነው የምትለው?”

“ዘይት ልትቀይር ጋራዥ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ትለግማለች። የሞተሯ መብራት በርቶ አልጠፋም። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ቅጂው እኔ ጋ አለ።”

“የማን ጋራዥ?”

“የሺዋስ ጋ።”

ገዳሙ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “የሺዋስ የነካት መኪና ጤነኛ ናት” አለ።

ንጉሴ በደህናው ዓይኑ አየውና “እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ” አለ።

ሕጉ አርባ ስምንት ሰዓት ነው የሚሰጠው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ንጉሴ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ አለዚያ ይለቀቃል። ገዳሙን ያስጨነቀው መለቀቁም ጭምር ነበር፤ የሟቿ ወገኖች ጉልት አምባ ላይ ምን እየዶለቱ እንደሆነ ሰምቷልና።

*

ባልየው ጌታሰው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሠላሳ ያልሞላው ቀጭን ገበሬ ነው። ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። እናቱ ከሕፃኑ ጋር ውስጥ ናት።

ገዳሙ አጠገቡ ቁጭ አለ። “እግዜር ያጥናህ” ካለው በኋላ ስለ ድንቹ ጠየቀው።

ጌታሰው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። “የእኔ ነው” አለ ከጋቢው ውስጥ። “አስታማሚ ከተማ ውስጥ ምን ይበላል ብዬ እኔ ነኝ የጫንኩት። ሾፌሩማ ዕቃ አይገባም ብሎ ከልክሎኝ ነበር፤ ለመንኩት።” ከዚያ ድንገት ጋቢውን ገለጠና “ሃያ ኪሎ ድንች መኪና ያቆማል? ይንገሩኝ እስቲ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ብዙዬን የገደላት የእኔ ድንች ነው?” አለ።

“አይደለም። ሃያ ኪሎ ድንች መኪና አያቆምም።”

“እንግዲያው ሾፌሩ ነው።” የጌታሰው ድምፅ ጠነከረ። “ከፈታችሁት እኔ አለሁለት። ደሜ ነው። ደም ደግሞ አይቀርም።”

ገዳሙ እንዲህ ያለ ቃል በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራው ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ ከንቱ ፉከራ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። እጁን ዱላው ላይ አሳረፈ።

“እስከ ዓርብ ማታ ስጠኝ” አለው። “ያጠፋውን ሰው አጣራለሁ። ማንም ይሁን ማን፣ ስሙን ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ይህችን ዱላ አታንሣ።”

ጌታሰው ለረጅም ጊዜ አየው። “ማንም ይሁን?”

“ማንም ይሁን።”

ጌታሰው ዱላውን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

*

አምቡላንሷ ተጎትታ ጣቢያው ግቢ ስትደርስ ገዳሙ ያስጠራው የሺዋስን ነበር። ሌላ ማንን ይጥራ! ከየሺዋስ ጋር አንድ ሰፈር አድገው፣ አንድ ወንበር ላይ ተምረው፣ በጉርምስና ዘመናቸው አብረው ፎክረዋል። የገዳሙ ልጅ ሲጠመቅ የክርስትና አባት የሆነው እሱ ነው። በቅርቡ እንኳ የከተማው መሳቂያ ከመሆን ያዳነው የሺዋስ ነበር። የሞባይል ሌባ በባጃጅ ሲያመልጥ ገዳሙ በጣቢያዋ ፒካፕ ተከተለው፤ ፒካፗ ዳገት ላይ አቅም አጣችና ባጃጇ ጥላው ሄደች። ከተማው ለሳምንት ያህል አላስወጣ አላስገባ አለው። ገበያ ሲያልፍ ባለባጃጆቹ “ኢንስፔክተር፣ ከቸኮሉ ላድርስዎት?” ይሉታል። የመለዋወጫው ግዥ ወረፋ ላይ ተኝቶ ሳለ የሺዋስ ነው በአንድ ቀን አስተካክሎ፣ እንደ ፈረስ አስጋልቦ የሰጠው።

የሺዋስ ኮፈኑን ከፍቶ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ከአየር መሳቢያው ቱቦ ላይ ፈታና አሳየው።

“አቧራ ነው፣ ገዴ። ይቺ የአየር መለኪያ ሴንሰር ናት። ሞተሩ የሚስበውን አየር ትለካለች። አየሩ ትንሽ ነው ብላ ከዋሸች ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቀንሳል። ነዳጅ ከቀነሰ ጉልበት የለም። ሾፌሩ የአየር ማጣሪያውን ስለማያጸዳ አቧራ በልቷታል።”

“ስለዚህ ጥፋቱ...”

“የሾፌሩ ነዋ! ማጣሪያ ማጽዳት የማን ሥራ ነው?” ሴንሰሩን መልሶ ገጠመው፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ የባለሙያ አስተያየቱን ጻፈና ፈረመ።

እሱ ከወጣ በኋላ ሳራ ማጣሪያውን አውጥታ በጣቷ አበሰችው። ጣቷን ለገዳሙ አሳየችው። ንጹሕ ነው።

“አንቺ መካኒክ ነሽ?” አላት ገዳሙ ቆጣ ብሎ።

“አይደለሁም፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው ለባለሙያው ተይለት።”

ሳራ ማጣሪያውን ወደ ቦታው መለሰች፤ ያየችውን ግን ጻፈች።

*

ሐሙስ ጠዋት ገዳሙ ንጉሴ ጻፍኳቸው ያላቸውን ሁለት ማመልከቻዎች አስመጥቶ አነበበ። ሁለቱም ቀን አላቸው፤ ሁለቱም “ከጋራዥ ከወጣች ጀምሮ” ይላሉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሌላ ዓይን ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ሳራ ግን ሌላ ነገር ጠርጥራለች።

“በከተማው የዚህን መኪና ዕቃ የምትሸጠው አንዲት ሴት ናት፤ ፋኢዛ። የሐሰት ሴንሰር ሸጣላቸው ቢሆንስ?”

“እንግዲያው ሁለቱንም ባንድ ላይ እናድርገው” አለ ገዳሙ። “ትመርምርም፣ ትመርመርም።”

ፋኢዛ የመለዋወጫ ሱቁን ከአባቷ የተረከበች፣ ወንዶቹ መካኒኮች ሳይቀሩ ሲቸግራቸው በጓሮ በር የሚያማክሯት ሴት ናት። ጣቢያው ግቢ ስትደርስ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና ሳቅ አለች።

“ጋሽ ገዳሙ፣ ሊይዙኝ ነው ወይስ ሊያማክሩኝ?”

“እንደ መልስሽ ነው።”

“ለዚህች አምቡላንስ ሴንሰር ሸጬ አላውቅም። አሁን ሞተሩን አስነሡልኝ።”

ሳራ አስነሥታ ነዳጅ ረገጠች። ሞተሩ ታፍኖ አጉረመረመ እንጂ ከፍ አላለም። ፋኢዛ እጇን ሰደደችና የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለችው። “አሁን ይርገጡት።” ሞተሩ ግቢውን አናወጠው። ጥላው ሥር የተቀመጡት ባለጉዳዮች ደንግጠው ተነሡ።

“የሚዋሸው ሲወጣ ኮምፒውተሩ በራሱ ግምት ይሠራል” አለች ፋኢዛ።

ሳራ ከሹፌር ወንበሩ ወረደች። “ረቡዕ ጠዋት ሶኬቷ ተነቅላ ቢሆን ኖሮ...”

“ዳገቱን ትወጣው ነበር።”

ፋኢዛ ሴንሰሩን ፈትታ ወደ ብርሃን አዞረችው። “አቧራ የበላው አይደለም፤ ሽቦዎቹ ያበራሉ። ጤነኛ ነው፣ ግን የዚህች መኪና አይደለም። የትንሽ የቤንዚን አውቶሞቢል ነው። መልኩ አንድ ነው፣ ሶኬቱም ይገጥማል፤ ልኩ ግን ሌላ ነው። ለዚህች ሞተር ሁልጊዜ አየር አነሰ ይላታል።”

“የሺዋስ ሳያስተውል ቀርቶ ይሆን?” አለ ገዳሙ።

ፋኢዛ ሴንሰሩን አቀረበችለት። “ቁጥሩ እኮ ፊት ለፊቱ ተጽፏል፣ ጋሽ ገዳሙ። መካኒክ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።”

ገዳሙ ሴንሰሩን ይዞ ንጉሴ ወደታሰረበት ክፍል ሄደ። ንጉሴ ገልብጦ ገልብጦ አየው።

“የእኔ አይደለም” አለ። “የእኔ ቢሆን ምልክት ይኖረው ነበር። ጋራዥ የሚገባ መኪና በሙሉ አካሉ ላይወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከባትሪ እስከ ሴንሰር ድረስ ሁሉንም በሚስቴ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደርግበታለሁ። ሐምራዊ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።”

“ሌባው ነጥቡን ቢያየው አይጠርገውም?”

“ይጠርገዋል እንጂ! ለዚያ ነው ሁለት የማደርገው። አንዱ በሚታይ ቦታ ነው፤ ሌባው ጠርጎ ደስ ይበለው። ሁለተኛው ከሶኬቱ ሥር፣ ሆዱ ላይ ነው። እሱ ለእኔ ነው።”

*

ገዳሙ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ ብቻውን ሄደ። ሳራን ጣቢያው ትቷታል። የሺዋስ ከአንድ መኪና ሥር ወጥቶ ሲያየው ፊቱ በራ።

“ገዴ! ና ቁጭ በል። የክርስትና ልጄ ደኅና ነው?”

“ደኅና ነው። የሺ፣ ሴንሰሩ የሌላ መኪና ነው አሉኝ።”

የሺዋስ እጁን በናፍጣ መታጠብ ጀመረ። ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ ነው የታጠበው። “ማን ነው ያለህ?”

“ፋኢዛ።”

“እህ!” አለና ትከሻውን ሰበቀ። “እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ በችኮላ አየሁት፤ አረጀሁ መሰለኝ። ግን ስማኝ። አምቡላንሷ እዚህ በዋለችበት ቀን የአምበሩ እህል ነጋዴ የሐምዱ ፒካፕም እዚህ ነበረች። ያው አንድ ዓይነት ናት። ሾፌሩ ጣቱ ረጅም ነው ይሉታል። እኔ ምሳ ስወጣ ቀያይሯት ይሆናል። እዚያ ፈልግ።”

ገዳሙ ከትከሻው ላይ ኩንታል የወረደለት ያህል ተሰማው። ይህ ነው እንጂ! ወዳጁ ተታለለ፤ ወዳጁ አላታለለም። ሲወጣ የየሺዋስን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ደስ ብሎት ነበር፤ በኋላ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው ይህ ደስታው ነው።

*

ዓርብ ጠዋት አምበር ሲደርሱ ሐምዱ መጋዘኑ በር ላይ ጤፍ እያስመዘነ አገኙት። ሽማግሌ ነው፤ ከፖሊስ ጋር ሲነጋገርም ሚዛኑን በአንድ ዓይኑ ይጠብቃል።

“ሴንሰር?” አለ። “ወንድሞቼ፣ ኮፈኑን ክፈቱና እዩ። የእኔ ተበላሽቶ ዐሥር ቀን ጠብቄ፣ ከፋኢዛ አዲስ ነው የገዛሁት። ደረሰኙም አለ።”

ሳራ ከፍታ አየችው። አዲስ ነው፤ ምልክት የለበትም። ቁጥሩም ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

“ሾፌርህ ያን ቀን አምቡላንሷ አጠገብ አልነበረም?” ሲል ጠየቀው ገዳሙ።

“የቱ ሾፌር? እኔ ራሴ ነኝ የነዳሁት። የሺዋስም ያውቃል፤ አብሮኝ ነው የዋለ።” ሐምዱ ፈገግ አለ። “እንዲያውም ተቆጥቼው ነበር። ያን ቀን ሦስት አንድ ዓይነት ፒካፖች ቆመው ነበር፤ የእኔ፣ አምቡላንሷና የእናንተዋ። የእኔም የእናንተም ሕመም አንድ ነው፤ አየር መለኪያ። ለእኔ ዕቃው በአገር የለም፣ ጠብቅ አለኝ። የእናንተዋ ግን በዚያው ቀን ድና ወጣች። ‘ለመንግሥት ቅድሚያ ነው’ ብሎ ሳቀብኝ።”

ገዳሙ አመስግኖት መኪናው ውስጥ ገባ። ሳራ ገባች። አስነሥቶ ነዳ። ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ ከሚገባው በላይ ፈጠነ። ዳገት መጣ፤ ፒካፗ በሦስተኛ ማርሽ ሳትደነቃቀፍ ወጣችው። ሌላ ዳገት መጣ፤ ያንንም ወጣችው።

“ጌታዬ” አለች ሳራ ቀስ ብላ። “አንድ መኪና አላየንም።”

“የትኛዋን?” አለ። የትኛዋን እንደሆነ ግን ከሐምዱ አፍ ሲወጣ ጀምሮ ያውቃል። የፈጠነውም መቆም ስላልፈለገ ነው።

“ያለንባትን።”

መንገዱ ዳር አቆማት። ኮፈኑን ራሱ ከፈተው። ሳራ ካቻቪቴውን አቀበለችው፤ ብሎኑን ፈታው። ሴንሰሩ ወጣ። ከላይ በኩል የተፋቀ ቦታ አለው። ገለበጠው። ከሶኬቱ ሥር፣ ሆዱ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሐምራዊ ነጥብ አለች።

የጭነት መኪናዎች እየጮኹ ያልፋሉ። ገዳሙ የፒካፗ የፊት መከላከያ ብረት ላይ ተቀመጠ። ብዙዬ ዳገቱ ላይ ደሟ ሲፈስ እሱ ቢሮው ነበር፤ ስልኩ ሲደወልለት ሮጦ የተሳፈረው በዚህች መኪና ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ ሰምቶ ያውቅ ነበር፤ አወዳደቁ እንዲህ እንደሚያም ግን አያውቅም ነበር። የሺዋስ ሰርቋል፤ እሺ። የሰረቀውን እሱ ጉያ ውስጥ ደብቆ፣ ያንኑ ፍለጋ አምበር ድረስ ሰደደው። ዓይኑን እያየ፣ የልጁን ደኅንነት እየጠየቀ።

“እኔ ብቻዬን ልሂድ?” አለች ሳራ። “ወደ ጋራዡ ማለቴ ነው።”

“አይሆንም” አለ ገዳሙ። ሴንሰሩን በኤግዚቢት ፌስታል አድርጎ ሰጣትና የፒካፗን ሶኬት፣ ፋኢዛ በአምቡላንሷ ላይ እንዳደረገችው፣ ተነቅሎ እንዳለ ትቶት በዝግታ ነዳ።

*

ጋራዡ ሲደርሱ የሺዋስ ፌስታሉን በሳራ እጅ አየ፤ አልካደም። ሠራተኞቹን ለምሳ አሰናበተና በሩን ገርበብ አደረገው።

“ላንተ ብዬ ነው” አለ።

“ሴትዮዋ ሞታለች፣ የሺ።”

“ትሞታለች ብዬ ነው? ዕቃው በአገር አልነበረም። አንተ መሳቂያ ሆነሃል፤ እንቅልፍ አጥተሃል። አምቡላንሷ ግቢዬ ቆማለች። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ብቻ ትታገሥ ብዬ ነው። ሜዳ ለሜዳ ምንም አትሆንም ነበር።”

“ንጉሴስ? በፊርማህ ወኅኒ ልትከተው ነበር እኮ!”

“ንጉሴ ምኔ ነው?” የሺዋስ ዓይኑ እንባ አቀረረ። “አንተ ግን ወንድሜ ነህ። እሱ ባይገባ ይህ ነገር የሚመጣው አንተ ላይ ነው። አሁንም ኮፈኑን ሳትከፍት ብትቀር ይሻልህ ነበር።”

“እኔን ምን አገባኝ? እኔ ስረቅልኝ አልኩህ?”

የሺዋስ አንድ ያረጀ የመኪና ወንበር በአገጩ አመለከተ። “እዚያ ላይ ተቀምጠህ ያልከኝን ልንገርህ? ከረሳኸው።”

ገዳሙ አልረሳም። ለዚህም ነበር ትናንት ሳራን ትቶ ብቻውን የመጣው፤ ይህን አሁን ነው ለራሱ ያመነው።

“‘እንደምንም ብለህ ዕቃውን አምጣልኝ፤ ከየት አመጣኸው አልልህም’ አልከኝ” አለ የሺዋስ። “ይችን ቃል እኮ የመንግሥት መኪና የያዘ ሁሉ ይለኛል። የትምህርት ቢሮው፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ሁሉም። ሁሉም ይለኛል፤ ሁሉም አይጠይቀኝም። ካንተ አፍ ሲወጣ ግን የሕግ ፈቃድ መስሎ ተሰማኝ።”

የሳራ እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብላ ገዳሙን አየችው።

“ጻፊው” አላት።

“ጌታዬ...”

“እንዳለ ጻፊው። የእኔንም ቃል።” ከዚያ ካቴናውን አወጣ። የሺዋስ ሁለት እጁን ዘረጋለት፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ናፍጣው ገና አልጠፋም። ሠላሳ ዓመት የጨበጠው እጅ ነው። ገዳሙ ሲያስርለት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየውም፤ ቢያየው እንደሚያለቅስ ያውቅ ነበር።

“ለልጁ ምን ልትለው ነው?” አለው የሺዋስ በሹክሹክታ።

“አላውቅም” አለ ገዳሙ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንጉሴ ተፈታ። ገዳሙ ይቅርታ ጠየቀው። ንጉሴ ጫማውን አሰረ። ከዚያ “ሶኬቱን ብነቅለው ትወጣ ነበር የሚባለው እውነት ነው?” ብሎ ጠየቀ። ገዳሙ እውነት መሆኑን ነገረው። ንጉሴ ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ጊዜ ቆየና ሄደ።

ዐሥር ሰዓት ላይ ገዳሙ ሆስፒታሉ ግቢ ደረሰ። ጌታሰው በዚያው ዛፍ ሥር ሕፃኑን ታቅፎ አገኘው። ሕፃኑ ተኝቷል። ጌታሰው ሊነሣለት ሲል ገዳሙ በእጁ ከለከለው፤ እሱም አልተቀመጠም።

“ስም ልነግርህ መጥቻለሁ” አለው። “ሁለት ናቸው። አንደኛው የሺዋስ የሚባል መካኒክ ነው። የአምቡላንሷን ሴንሰር ነቅሎ ለሌላ መኪና ሰጠው፤ ለእሷ የማይሆናትን አደረገባት። ታስሯል። ወዳጄ ነበር።”

“ሁለተኛውስ?”

“የተነቀለው ሴንሰር የገባው እኔ በምነዳት መኪና ውስጥ ነው። እንደምንም አምጣልኝ፣ ከየት አመጣኸው አልልህም ብዬዋለሁ። አልጠየቅኩትም። ሁለተኛው እኔ ነኝ።”

ጌታሰው ልጁን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢታይ ለገዳሙ ይቀለው ነበር። የታየው ግን የተከዳ ሰው ድካም ብቻ ነበር፤ ገዳሙ ያንን ፊት ከጠዋት ጀምሮ ከውስጥ ያውቀዋል።

“ለሾፌሩ ይቅር በለኝ ብሎሃል በለው” አለ ጌታሰው በመጨረሻ። “መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።”

“እነግረዋለሁ።”

“አሁን ሂድ።” እስከዛሬ “እርስዎ” ሲለው የነበረው ሰው ነው። “እናቴ ወተት ልትገዛ ወጥታለች፤ አሁን ትመለሳለች። ከረቡዕ ጀምራ እውነቱን ያወጣልናል ብላ ጠዋትና ማታ አንተን ስትመርቅ ነው የሰነበተች። ሳታገኝህ ሂድልኝ። ምራትዋን ቀብራለች፤ ምርቃቷን ደግሞ መልሺ ልላት አልችልም።”

ገዳሙ ግቢውን አቋርጦ ወጣ። መኪናዋ ኤግዚቢት ሆና ስለተያዘች በእግሩ ነው የሄደው። በመንገዱ ላይ አንዲት የወተት ጠርሙስ የያዘች እናት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አለፋት። ጣቢያው ውስጥ ሳራ ቃሉን ልትቀበል ወረቀት ዘርግታ ትጠብቀው ነበር።